ሦስተኛው ገጽ ላይ የተለወጠው ቃል

ተኩሱ ሲሰማ ልጃቸው የት ነበር? እማማ ይህን ጥያቄ ቢያገላብጡት ቢያገላብጡት መልስ አጡለት። ከንቲባ የሆነው ልጃቸው ከቁርስ ተነስቶ ሸሚዝ ልቀይር ብሎ ሲወጣ አይተውታል፤ ከዚያ በኋላ ያዩት፣ ተኩሱ ከተሰማ በኋላ ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ሲተራመስ ነው። የከንቲባው ንግግር ጸሐፊ በራሱ በከንቲባው የሥራ ክፍል፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተገድሏል። ሽጉጡም የከንቲባው ነው፤ ከመሳቢያው የወጣ።

መርማሪዋ ጫማዋ ጭቃ ስለነበረ በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡ ዓይንና ናጫ ሆኖ ጠበቃት። ከንቲባው የተመረጠው መሣሪያ መታጠቅ የዜጋ መብት ነው በሚለው ፓርቲ ነበር። ዛሬ በስድስት ሰዓት ግን ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ መግባቱንና የከተማው መሣሪያ ሁሉ እንዲመዘገብ መወሰኑን ሊያውጅ ነበር። ትናንት እራት ላይ ንግግሩን ሲያነብላቸው ቤቱ በጭቅጭቅ ታምሶ ነበር።

«ሽጉጡ የሱ፣ ክፍሉ የሱ» አለ የእማማ አማች፣ የሴት ልጃቸው ባል፣ የመሣሪያ ሱቅ ባለቤቱ። «እኛን ምን ትጠይቂናለሽ? የመረጡትን የከዳ ሰው ምን ይሳነዋል?»

«አፍህን ሰብስብ» አለች የከንቲባው ሚስት። «ሽጉጥ እንደ ቲማቲም ስትቸበችብ የኖርከው አንተ ነህ።»

«የሥራ ክፍሉ ገብተው ነበር?» አለች መርማሪዋ ወደ አማቹ ዞራ።

«እግሬም አልረገጠው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት።»

መርማሪዋ ክፍሉን መረመረች፤ ከንቲባውንም ለብቻው አነጋገረች። ከዚያ እማማ ድንች የሚልጡበት ወጥ ቤት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ የንግግሩ ሦስተኛ ገጽ ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን አለ። ትናንት የሰማችሁት ምን የሚል ነበር?»

«መሣሪያ ሁሉ ‹ይመዘገባል› ነዋ።»

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ‹ይወረሳል› ተብሏል። ልጅዎ ለጸሐፊው ብቻ ነግሮ ነው ያስለወጠው፤ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። መውረስ የሚል ቃል ከማን አፍ ሰሙ?»

ቢላዋው እጃቸው ላይ ቆመ። ሰምተዋል። ፖሊስ ሳይመጣ፣ ደረጃው ላይ፣ አማቻቸው በልጃቸው ላይ ጣቱን ቀስሮ «ሱቄን ልትወርሰኝ ኖሯል» ብሎታል። ዝም ቢሉ ልጃቸው በካቴና ሊወጣ ነው። ቢናገሩ የሴት ልጃቸው ትዳር ሊፈርስ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አባት ሊያጡ ነው።

«ያላጠፋ ሰው አይታሰርብኝም?» አሉ።

«አይታሰርም።»

«እንግዲያስ አማቼ ነው ያለው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ከንቲባው ንግግሩን ማስቀረት ቢፈልግ አለማንበብ ይበቃው ነበር» አለች። «ለዚያ ሰው አይገድልም። ገዳዩ አዲሱን ቃል ያነበበ ሰው ነው። ቃሉ የነበረው እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ የቤቱ ዘበኛ ደግሞ ተኩሱን እንደሰማ ሮጦ የክፍሉን በር ቆልፎታል። ስለዚህ ቃሉን ያየ ሰው ከዚያ በፊት ገብቶ ነበር። እርስዎ እግሬም አልረገጠው አሉ፤ ደረጃው ላይ ግን ‹ልትወርሰኝ› ብለዋል። ትናንት ማንም ይወረሳል አላለም። የኮትዎን ኪስ ያሳዩኝ።»

አማቹ ሚስቱን አያት። ከዚያ የተጨማደደ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«ጸሐፊውን ለመንኩት» አለ። «ከንቲባውን መክረህ አስመልስልኝ አልኩት። ‹ሌላ ሥራ ፈልግ› ብሎ ሳቀብኝ። መሳቢያው ክፍት ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ከንቲባው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቀረ።

ሴት ልጃቸው ከሶፋው ተነሳች። «እማዬ፣ ደረጃው ላይ የነበርነው እኛ ቤተሰቡ ብቻ ነን። አንቺ ነሽ የነገርሻት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ወንድምሽን ሊወስዱት ነበር።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች። እማማ እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን ዞር ብላ አለፈቻቸው፣ በሩን ከፍታ ወጣች።