ሚያዝያ ለየትኛው ደብተር

«ካላንደሩስ?»

ዮፍታሔ ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። ሚስማሩ አለ። በክር ታስሮ ከሚስማሩ የተንጠለጠለው ሰማያዊ እስክሪብቶም አለ። ካላንደሩ ብቻ የለም። ተሰቅሎበት የከረመው ቦታ አቧራ ስላልነካው ከቀረው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ሮዲ፣ አንቺን እኮ ነው! ማን ወሰደው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሮዳስ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። ስልኩ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስክሪኑ ከጠፋ ቆይቷል።

«ትናንት ጠዋት እኮ ነበር!»

«አንተ ትናንት ዝናቡ ውስጥ “ሩፋኤል አሳድገኝ” እያልክ ስትጮህ ነው የዋልከው። ምኑን አየኸው?»

ዮፍታሔ ከወንበሩ ወረደ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ስድስት አዳዲስ ደብተሮች ደረቱ ላይ ታቅፏል። እናታቸው ወይዘሮ ሰብለወርቅ በዝናቡ መሃል በወጣችው ፀሐይ ያደረቀችውን ልብስ ይዛ ስትገባ ሚስማሩን አየች። ቀጥላ ሮዳስን አየች። ልብሱን እንዳቀፈች፣

«በጋዜጣም ይለበዳል» አለችና ወደ ጓዳ አለፈች።

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ካላንደሩ ከትናንት ጀምሮ ሮዳስ ፍራሽ ሥር ነው።

ቀኑ ጳጉሜ አራት ነበር። እነሱ ቤት ጳጉሜ አራት ከሰዓት በኋላ ደብተር የሚለበድበት ጊዜ ነው። ልማዱን ያመጣው አባታቸው ሀብተወልድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ራቁቱን ትምህርት ቤት የሚሄድ ደብተር ማየት አይወድም። «ይበርደዋል» ይላል። ለልብሱ ደግሞ ከአሮጌ ካላንደር የሚሻል ወረቀት የለም፤ ወፍራም ነው፣ ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ ጀርባው ነጭ ነው።

ግን ዝም ብሎ አይቆርጠውም። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ቁጥር ሥር በዚያ ሰማያዊ እስክሪብቶ የሚጽፋት ነገር አለች። ውሃ በመጣ ቀን አንዲት ጠብታ ይስላል። ሌላ ነገር ካለ ደግሞ ሁለት ሦስት ቃል፦ «በር ተገጠመ።» «መብራት የለም፣ 4ኛ ቀን።» «ታክሲ ጠፍቶ ከዓለም ገና በእግር።» ሲጽፍ እስክሪብቶውን ስለሚጫን፣ ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን በጣት የዳበሰ ሰው ጽሑፉን ያገኘዋል።

ጳጉሜ አራት ሲደርስ አራቱም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሀብተወልድ አንዱን ወር ይገነጥልና፣ «እስቲ፣ ጥቅምት ምን ሰጠን? ምን ወሰደብን?» ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል። ይሳቃል፤ አንዳንዴም ዝም ይባላል። ከዚያ ወሩ ደብተር ይመደብለታል። ነጩ ወደ ውጭ፣ ቁጥሩና ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኖ ይለበዳል። ሕጉ ሁለት ነው። ከባድ ወር ለሒሳብ ይሄዳል፤ «ከባድ ለከባድ፣ እርስ በርስ ይቻቻሉ» ስለሚል። ጳጉሜን ከሥሩ የያዘው የነሐሴ ቅጠል ደግሞ አይነካም። «ዓመቱ ሳያልቅ አይቀደድም።»

አምና ይህን ያደረጉት ቡራዩ፣ በኪራይ ቤት ነበር። ከባዱ ወር የካቲት ሆኖ ተገኘ፤ «ሰብለ ከሥራ ወጣች» የሚል ነበረበትና የሮዳስን የሒሳብ ደብተር ለበሰው። ሮዳስ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ሲሰለቻት የሽፋኑን እጥፋት ገልጣ ሰረቅ አድርጋ ታያለች። እጥፋቱ ሥር፣ በየካቲት ሃያ ስምንት ላይ፣ «ሰብለ ዛሬ ዘፈነች» ይላል። ሥራ ሳታገኝ ነው የዘፈነችው። ለምን እንደዘፈነች ሮዳስ እስከ ዛሬ አልጠየቀችም።

የዘንድሮው ዓመት ሲጀምር ጥሩ ነበር። ኅዳር ላይ ከቡራዩ ወጥተው ሰበታ ውስጥ ገና ልስኑ ያልደረቀ የራሳቸው ቤት ገቡ። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ሲብስም በአሥር ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው። የአጥሩ ጎረቤት ኦቦ ቦሩ የግቢያቸው ቧንቧ ሲያጉረመርም ቀድመው ስለሚሰሙ፣ ካሉበት ሆነው «ቢሻን ዱፌ!»፣ ውሃ መጣ፣ ብለው ይጣራሉ። ሀብተወልድ፣ ፀጉሩ ሳሙና ቢሆንም ጢሙ ግማሹ ብቻ ተላጭቶ ቢሆንም፣ ከውስጥ «ገለቶማ ኦቦ!» ብሎ ያመሰግንና መጀመሪያ ጀሪካኑን ሳይሆን እስክሪብቶውን ያነሣል። ሰብለወርቅ «ውሃው ይሄዳል አንተ ሰውዬ!» ትላለች። እሱ ጠብታውን ሳይስል አይንቀሳቀስም።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ አሥራ አራት ጠዋት፣ ሥራ ሊሄድ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ካላንደሩን የገለጠው የለም። ግንቦት መጣ፣ ሰኔ መጣ፣ ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ሆነ፤ እነሱ ቤት ግድግዳው ላይ ሚያዝያ ነበር። እንግዶች አይተው ዝም ይላሉ። ኦቦ ቦሩም አጥሩ ማዶ ሆነው «ቢሻን ዱፌ!» ማለታቸውን አልተዉም። የሚመልስላቸው ግን አልነበረም፤ ሰብለወርቅ ድምፅ ሳታሰማ ወጥታ ቧንቧውን ትከፍታለች።

በሩ ተንኳኳ። ራያ ናት፣ የሮዳስ የክፍል ጓደኛ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛለች፤ ስካርፏ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ።

«እትዬ ሰብለ፣ እንዴት ዋላችሁ? አባዬ ነው የላከኝ። “ከካርቶኑ የወጣው የመጀመሪያው ካላንደር ለአቶ ሀብተወልድ ቤት ነው” ብሎ።»

አባቷ አቶ ከሊፋ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ቤቱ ሲሠራ በሩም ቆርቆሮውም ከእሳቸው የተገዛ ነው፤ ካላንደሩም ከእሳቸው ነበር። ሰብለወርቅ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» አለች። አዲሱን ካላንደር ሳትፈታው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።

ሁለቱ ጓደኛሞች መኝታ ክፍል ገቡ። ራያ አልጋው ላይ ዘፍ ስትል ከሥሯ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ተነሥታ ፍራሹን ቀና አደረገችና አየች።

«ሮዲ! ይሄን እኮ ነው ልጁ ውጭ የሚፈልገው። እኔን በር ላይ “ካላንደር አይተሻል?” ብሎ ነው የተቀበለኝ።»

«ቀስ በይ በናትሽ፣ ይሰማሻል።»

«ለምን ደበቅሽው?»

«ይቆርጡታላ! መቀስ አስገብተው… የሱን ጽሑፍ።»

ራያ ትንሽ አሰበች። «ፎቶ አንሺዋ። አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ ይቁረጡት።»

«ፎቶ አይዳሰስም።»

ራያ ይህን አልተረዳችም፤ ግን አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አታካብጂ» ትላት ነበር። «እሺ፣ ከሚያዝያ በኋላ ያለው ባዶ አይደል? ለዮፍቲ ባዶውን ስጪው።»

«ከሚያዝያ በኋላ ያለውን አላየሁትም።»

«ምንም?»

«አልገለጥኩትም።»

ራያ ፍራሹን መልሳ፣ እጇን ሮዳስ ጉልበት ላይ አኖረች። «ወላሂ እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም» አለች። እየመሸ ስለነበር ዝናቡ ሳይመለስ ሄደች።

ሮዳስ ጓደኛዋን ሸኝታ ስትመለስ ዮፍታሔ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኳል። ኦቦ ቦሩ ግቢ ሄዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለምኖ አምጥቷል። ወረቀቱን አራግፎ፣ በምላሱ ጫፍ የአፉን ጥግ እየላሰ፣ በማንኪያ ጀርባ ይዳምጠዋል። አባቱ እጥፋቱን የሚያስተኛው በማንኪያ ጀርባ ነበር። የዮፍታሔ ወረቀት ግን መሃሉ ላይ እያበጠ አስቸገረው። በአንድ በኩል ሲጫነው በሌላው ይነሣል። አፍንጫው ላይ ግራጫ ብናኝ አለ።

ለራሱ እያወራ ነበር። «ከጫፍ ነው… አይ፣ ከመሃል… ከጫፍ ነው?» ቀና ሲል እህቱን አያት። «ሮዲ፣ አባ ከየት ነበር የሚጀምረው? ከጫፍ ነው ከመሃል?»

ሮዳስ ያበጠውን ወረቀት አየች።

«ረሳሁት» አለ ዮፍታሔ። ጥፋት እንዳጠፋ ልጅ ነበር ድምፁ። «አምና አውቀው ነበር እኮ። ረሳሁት።»

ሮዳስ ወደ መኝታ ክፍል ተመለሰች። ፍራሹን ስታነሣ እጇ ፈጠነ፤ ከዘገየች የምትተወው መሰላት። ካላንደሩን አምጥታ ከወንድሟ ፊት ዘረጋችው።

«ፍራሼ ሥር ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ውሸታም!»

«አዎ።»

ዮፍታሔ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ካላንደሩን ገልበጥ አድርጎ አየ። «አልተቀደደም አይደል?»

«አልተቀደደም። ከመሃል ነው የሚጀመረው። ከመሃል ወደ ጫፍ።»

ሰብለወርቅ ከጓዳ ብቅ አለች። ከመሳቢያው መቀሱን አምጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ጎን ማንም አልተቀመጠም። መቀሱን ወደ ሮዳስ ገፋ አደረገችው፤ የማንበቡም ተራ አብሮ መጣ።

ሮዳስ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እስቲ… መስከረም ምን ሰጠን?»

የመስከረሙን «ዮፍታሔ ጥርሱን ታክሲ ውስጥ ጣለ፤ ረዳቱ አብሮ ፈለገ» ስታነብ ዮፍታሔ ሳቀ። የኅዳሩን «ከቡራዩ ወጣን። ሰብለ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ሞከረች» ስታነብ እናቷ ወደ በሩ አየች። ጥር ላይ «ሱሉልታ፣ የማርቲ ሠርግ። ጫማዬ ጭቃ፣ ሙሽራዋም ጭቃ» ይላል። ቅጠል በቅጠል ተገነጠሉ፤ ከመሃል ወደ ጫፍ ተዳመጡ። የዮፍታሔ ስድስት ደብተር አለቀና የሮዳስ ተጀመረ።

ሚያዝያ መጣ። ሮዳስ አነበበች። አምስት፣ «ዶሮው አመለጠ፤ ተያዘ።» ዘጠኝ፣ ጠብታ። አሥራ ሦስት፣ ጠብታና «የዮፍታሔ ጫማ»። ከዚያ በኋላ ባዶ ነበር። እስከ ሠላሳ ድረስ ባዶ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ።

«ለሒሳብ ነዋ» አለ ዮፍታሔ በቀስታ። «ከባድ ለከባድ።»

ሮዳስ ቅጠሉን ገነጠለችው። ድምፁ ከሌሎቹ አልተለየም። ግንቦትን ባዶ አገኘዋለሁ ብላ ነበር ያሰበችው፤ ግን ሃያ አምስት ላይ አንዲት ጠብታ አለች። የሱ አይደለችም፤ ትንሽ ዘመም ያለች፣ እጅ ያልለመዳት ጠብታ ናት። ሰኔ ሁለት ሌላ። ሰኔ ሃያ ስድስት፣ «ዮፍታሔ ሦስተኛ ወጣ።» የእናቷ ጽሑፍ ነው።

«እማ… መቼ ነው የጻፍሽው?»

ሰብለወርቅ የተቆረጠ ወረቀት ፍርፋሪ እየለቀመች ነበር። «ከአርባው በኋላ። ሚያዝያን ከፍ አድርጌ ከሥሩ ነበር የምጽፈው።» ፍርፋሪውን መዳፏ ላይ ሰበሰበችው። «መግለጡ አልሆነልኝም። መተዉም።»

ሮዳስ ሐምሌን ገለጠች። ሁለት ጠብታ። ሐምሌ አሥራ አንድ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሮዳስ ሳቀች።»

ቀኑን አስታወሰችው። የኦቦ ቦሩ በግ የራያን ነጠላ ጫማ ነክሶ ሲሮጥ፣ ራያ በአንድ እግሯ እየዘለለች «ሌባ! ሌባ!» ስትል ነበር። የዚያን ቀን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና እንዴት ሳቅሁ ብላ ራሷን ተቆጥታ ነበር። እናቷ በዚያ ሰዓት የት ሆና እንደሰማች አታውቅም።

ጮክ ብላ አላነበበችውም። ዮፍታሔ «ምን ይላል?» ሲላት «የኔ ነው» አለችው። ቅጠሉን ገንጥላ፣ ሁለት ጊዜ አጥፋ ለብቻው አስቀመጠችው። ሚያዝያን ግን ሳበችውና አዲሱን የሒሳብ ደብተሯን መሃሉ ላይ አስተኛች። ማንኪያውን ከወንድሟ ተቀበለች። ከመሃል ወደ ጫፍ። አሥራ ሦስተኛው ቀን እጥፋቱ ሥር ገባ።

የነሐሴ ቅጠል ብቻ ቀረ።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ፣ ዝናቡን አልፎ፣ ያረጀ ጎርናና ድምፅ መጣ።

«ቢሻን ዱፌ!»

ሰብለወርቅ እንደ ልማዷ ድምፅ ሳታሰማ ልትነሣ እጇን ምንጣፉ ላይ አስደገፈች። ሮዳስ ቀደመቻት። በሩን ከፍታ፣ ዝናቡ ፊቷን እየመታት፣

«ገለቶማ ኦቦ!» አለች።

ከማዶ ኦቦ ቦሩ፣ «ማነው? ሮዳስ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ኦቦ! እንዴት ዋሉ?»

«ደህና፣ ደህና የኔ ልጅ! ቶሎ ቅጂ፣ አይቆይም!»

ዮፍታሔ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ በሩ ሮጠ። «ሮዲ፣ ነይ እንጂ! ውሃው ይሄዳል!»

«መጣሁ» አለች። የነሐሴን ቅጠል ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ክሩን ሳበች፣ እስክሪብቶውን ያዘች፣ ከታች ካሉት አምስት ትናንሽ ቁጥሮች አራተኛውን ፈለገች። ጠብታዋን ስትስል በጀርባው እንዲዳሰስ አድርጋ ተጫነችው።