የሉቃስ «እህት»

ሉቃስ መጀመሪያ የቀናው ሥጋና ደም በሌለው ሰው ነበር። ቢኖረውማ እንደ ወንድ ፊት ለፊት ይነጋገሩ ነበር። ሰውየው የሚኖረው ማናህሎሽ ስልክ ውስጥ፣ በምታነበው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ነው፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ በቆልማማ ዱላ ይጫወታል፤ ሲስቅ ጉንጩ ስርጉድ ይላል። ጁባ በሙቀት ስትቀቀል ማናህሎሽ ከሱ ጋር በረዶ ላይ ናት።

ማናህሎሽ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሉቃስ ካስተም ገበያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ፊጥ ብሎ ይመጣና አብረው ይበላሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ገበታው ላይ ሦስት ሆነዋል፤ ሦስተኛው ተጫዋቹ ነው።

«ይኼ እኮ የእኛው ገና ነው» አላት አንድ ቀን፣ አንገቱን አስግጎ ስልኳን አይቶ። «ለገና ተጫዋች ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም?» አለች፣ ከንባቧ ቀና ሳትል።

«ምኑ ነው የሚጥምሽ? መጨረሻው እንደሆነ ይታወቃል፤ ይጋባሉ።»

«መጨረሻውን ማወቄ ነው ደስ የሚለኝ። ደግሞ ግብ ሲያገባ መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ ጣቱን ወደ እሷ ይቀስራል። ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም።»

ቅናት ጆሮ ይደፍናል። ሉቃስ የፈለገችውን ነገር ቁልጭ አድርጋ ነግራው ሳለ፣ ቤቱ ገብቶ መስታወት ፊት ጉንጩን ሲጫን አመሸ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ክፉ ዐመል ግን ነበረው። አብረው ሳሉ ሰው ከመጣ ዐይኑን ሰበር አድርጎ «ተዋወቃት፣ እህቴ ናት» ይላል። የጁባ ሐበሻ ወሬ ያመላልሳል፤ ደሴ ያሉት እናቱ ከሰው አፍ እንዳይሰሙበት ይፈራል። ራሱ እንዳይነግራቸው ደግሞ ያፍራል። ሐበሻው ሁሉ «እህቴ» ምን ማለት እንደሆነ ስለሚገባው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ማናህሎሽ ግን ቃሉን በሰማች ቁጥር ወደ ስልኳ ታቀረቅራለች።

ታዲዮስ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው፤ ጋምቤላ ያደገ የደቡብ ሱዳን ልጅ ስለሆነ አማርኛው አይታማም። ቡድኑ ከልምምድ በኋላ ሆቴሉ ውስጥ ምሳ ይበላ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን በሩን ጎንበስ ብሎ አልፎ ማናህሎሽን አየና አብሯት ምሳ ወደሚበላው ሉቃስ ዞረ።

«ምንህ ናት?»

«እህቴ ናት» አለ ሉቃስ፣ እንደ ልማዱ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ወንድሜ» አለ ታዲዮስ። ሳቀ። ጉንጩ ስርጉድ አለ።

ሉቃስ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። ማናህሎሽ ለሉቃስ ብላ አስቀምጣው የማታውቀውን ስልክ ደፋችና ከታዲዮስ ጋር ስለ ጨዋታ ታወራ ጀመር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቀጠለ። ሉቃስ በቅናት ከሰለ፤ ምን ብሎ ይቆጣ? እህቱ ናት።

አንድ ዓርብ ወደ ምሳ ሰዓት ግድም ታዲዮስ ካስተም ድረስ መጣ። አብረውት ሙሉ ልብስ የለበሱ አጎቱ አሉ።

«ወንድሜ፣ በእኛ ወግ ልጅ የምትጠየቀው ከወንድሟ ነው» አለ በአክብሮት ቆሞ። «ማናህሎሽን ወድጃታለሁ። ስነግራት ‹ወንድሜን ጠይቀው› አለችኝ።»

ሉቃስ ያችን ቃል ሲሰማ ነገሩ ገባው። እምቢ ማለት አቅቷት አይደለም የላከችው፤ እሱ ምን እንደሚል ልትሰማ ነው። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሙሔ ጆሮውን አቀና። ከኡጋንዳ የመጣ ከባድ መኪና የሚያራግፉ ሰዎችም ቆመው ያያሉ።

«እህቴ አይደለችም» አለ ሉቃስ።

ታዲዮስ ፊቱ ጠቆረ። ለአጎቱ በጁባ አረብኛ ነገራቸውና ወደ ሉቃስ ዞረ።

«ታዲያ ምንህ ናት?»

«የማገባት ናት።»

«እሷ ይኼን ታውቃለች?»

ሉቃስ አቀረቀረ። ታዲዮስ ጥቂት አየው፤ አዘነለትም መሰለ። «እንግዲያው ሂድና ንገራት» ብሎ አጎቱን ይዞ ሄደ።

ሉቃስ ሱቁን ለሙሔ አደራ ብሎ ሃይ ማላካል ሲደርስ ሆቴሉ በምሳ እንግዶች ተሞልቷል። ማናህሎሽ እንግዳ መቀበያው ጋ እያነበበች ነበር። ቀጥ ብሎ ሄዶ ስልኩን ፊቷ አስቀመጠና፣ ድምፁን ለቆ፣ ደሴ ደወለ።

«እማዬ፣ ማናህሎሽ የምትባል ልጅ አለች።»

«ምንህ ናት?» አሉ እናቱ።

ማናህሎሽ ንባቧን ትታ ትመለከተዋለች። እንግዶቹም ዞረዋል።

«የምወዳት ናት። እሺ ካለችኝ ላገባት ነው።»



«ወሬው እኮ ከደረሰኝ ቆየ፤ ይኼን ለማለት ሁለት ዓመት ይፈጃል?» አሉ እናቱ። «ስጣት እስቲ፣ እኔ ልለምናት።»

ማናህሎሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች፤ ዐይኗን ግን ከሉቃስ አልነቀለችም።

«እርስዎ አይድከሙ፣ እማማ» አለች። «ራሱ ይለምነኝ።»

ሉቃስም ለመናት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።