የሰማን ድርሻ

መቶ አለቃ ሀብተወልድ ከቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ሆስፒታሉ ሲደርስ፣ ትንሹ ሰማን በኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። የገባው ለቡአ ነው፤ ለቡአ የገባ ልጅ ደግሞ ድኖ ነው የሚወጣው። ማደንዘዣው ሲይዘው ያስመለሰው ዳቦ ትንፋሹን ዘጋው። ሐኪሙ እህል እንዳይቀምስ አዝዘው ነበርና፣ ያበላው ሰው አለ ማለት ነው።

ጣት ሁሉ የተቀሰረው በነርስ ሀጀራ ላይ ነው። እንደ ሰማን የመስቃን ልጅ ናት፤ ስታባብለውም ታይታለች። «አዝናለት አበላችው» አሉ የልጆቹ ክፍል ኃላፊ ሲስተር ፀዳለ። ይህ እውነት ከሆነ ሀጀራን የሚጠብቃት ወህኒ ነው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እንደተፈረደባት ሁሉ ነጭ ቆቧን አውልቃ ተቀምጣለች።

ሀብተወልድ የሚቸኩል ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሟቹን እናት ከድጄን አገኘ። በደንቡ ወላጅ ወደ ክፍሉ አይገባም፤ እናቶች ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ መረብ ከተመታበት መስኮት ሥር ይውላሉ። ከድጄ ያመጣችው ቆጮ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ነው፤ አልተነካም። በዚያ ሽቦ ጣት እንኳ አያልፍም።

ቀጥሎ ሀጀራን ጠየቃት።

«ቁርስ ሲታደል የት ነበርሽ?»

«ከሐኪሙ ጋር የኦፕራሲዮኑን መሣሪያ ስቀቅል ነበር፣ ጌታዬ።»

ሐኪሙም እውነት ነው አሉ።

«የልጆቹ ክፍል ቁልፍስ?»

«ሲስተር ከወገባቸው አይለዩትም።»

ሲስተር ፀዳለም አልካዱም። ዳቦውን ራሳቸው አደሉ፤ ሰማንን ዘለሉ፤ በሩን ቆልፈው ወጡ። ልጁ እስኪወሰድ ድረስ ማንም አልገባም። ነገሩ ለሰሚው ግራ ሆነ።

ሀብተወልድ ወደ ክፍሉ ገባ። በሩ ሲከፈት ልጆቹ ሁሉ ዞሩና፣ እናታቸው አለመሆኗን ሲያዩ መልሰው ጣሪያው ላይ አፈጠጡ። አንዳንዱ እግሩ በጄሶ ተጠፍሯል፤ አንዳንዱ እንዳይወርድ በአንሶላ ካልጋው ጋር ታስሯል። ልጅን ታስሮ ማየት፣ ለመዳኑ እንኳ ቢሆን፣ አንጀት ይበላል። ሰማን መሞቱን የነገራቸው የለም።

መቶ አለቃው በሩ አጠገብ ለተኛችው ለአሚኔ አንድ እፍኝ ከረሜላ ሰጣት። አሚኔ አንዷን ወስዳ የቀረውን ለጎረቤቷ ዘረጋች፤ እሱም ለሚቀጥለው። ከረሜላው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ መጨረሻ ላይ ከድሮ የሚባል ልጅ ዘንድ ደረሰ። ከድሮ የራሱን አፉ ውስጥ ጨመረና፣ ሌላዋን አጠገቡ ባለው ባዶ አልጋ ትራስ ሥር ሸጎጣት።

«ይህችስ የማን ናት?»

«የሰማን። ሲመጣ ይበላታል።»

ሀብተወልድ ትራሱን አነሣው። ሥሩ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። ወደ አሚኔ ተመልሶ ዳቦውንም እንዲሁ አድርገው እንደሆነ በዝግታ ጠየቃት። ልጅቱ በሩን አየች።

«እሱኮ አላለቀሰም» አለች። «ምግብ የሚከለከለው ያለቀሰ ነው።»

መቶ አለቃው ሐኪሙን፣ ሲስተርን፣ ሀጀራንና ከድጄን ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቱ የያዘችው ቆጮ እንጂ ዳቦ አይደለም፤ ሽቦውም አያሳልፍም። ሀጀራ ከሐኪሙ ዓይን አልራቀችም። ቁልፉ ከሲስተር ወገብ አልወረደም። ዳቦ የነበረው ልጆቹ ጋ ብቻ ነው። ከየድርሻቸው ቆርሰው አሳለፉለት።»

«እሱ ዛሬ አይበላም ብያቸዋለሁ» አሉ ሲስተር ፀዳለ።

«ለምን እንደማይበላስ ነገሯቸው? ሲስተር፣ እዚህ ያለቀሰ ልጅ ምን ይደረጋል?»

የሲስተር እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«ቁርሱን እከለክለዋለሁ» አሉ።

«ልጆቹም ጓደኛቸው ያለ ጥፋቱ የተቀጣ መሰላቸው።»

ሀጀራ ፊቷን በቆቧ ሸፍና አለቀሰች። ከድጄ ግን የተዘጋውን በር ስታይ ቆየችና፣ «ይህን ልጆቹ እንዳይሰሙ» አለች። «እነሱ ልጄን አጎረሱት እንጂ አልገደሉትም። ሆድ ይፍጀው።»

ሲስተር ፀዳለ ቃላቸውን ለመስጠት ከመቶ አለቃው ጋር ሲወጡ ቁልፉን ለሀጀራ ሰጧት። እሷም ቆቧን ደፍታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ምሳ ይዛ ገባች።

አሚኔ ሳህኗን ከመቀበሏ በፊት ባዶውን አልጋ አየች።

«ሰማን ቅጣቱን ጨረሰ?»

«ጨረሰ» አለች ሀጀራ። ስትወጣ በሩን አልቆለፈችውም።