የዶክተር ድንበሩ ድብዝዝ ፎቶዎች

«ጮራ» የተባለችው የጠፈር መርከብ ማርስን አልፋ ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች ስታቀና፣ ተሳፋሪዎቿን አዲስ ፍቅር ይዟቸው ነበር፤ ፎቶ ማንሳት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር። በመርከቧ ያለ ሰው ሁሉ ዓይነ መዝገብ ለብሷል፤ ዓይን ላይ እንደ ስስ ሽፋን የሚቀመጥ፣ ያዩትን ሁሉ ሳይታዘዝ ቀርጾ የሚያስቀር ሌንስ ነው። ልደቱም፣ ሾርባውም፣ ማዛጋቱም እኩል ይቀረጻል። የሚቀር ነገር ስለሌለ ይሆናል፣ ተመልሶ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ፈትለወርቅ የመርከቧ ውሃ ማጣሪያ ሠራተኛ ናት። አባቷ ጅማ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። አንድ ቀን ድንገት ናፈቋትና፣ እሳቸው ይሠሩበት የነበረውን ዓይነት ዲጂታል ካሜራ በመርከቧ ወርክሾፕ አሠርታ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ምንም የማያርም፣ ያየውን ብቻ የሚሰጥ ተራ ካሜራ ነው። ያዩት ሁሉ ቀኑባት። ብዙም ሳይቆይ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ወረፋ ሆነ፤ ከወረፋው በኋላ ደግሞ ጥያቄው ጎረፈ።

ፈትለወርቅ ከሥራ ስትወጣ፣ ማጣሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብላ ጀማሪዎቹ በድምፅ የላኩላትን ጥያቄ እየሰማች ትመልሳለች።

«ባለቤቴን መብራቱ ስር አቁሜ ሳነሳው ፊቱ ለምን ይጠቁራል?»

«መብራቱ ከጀርባው ሆኖ ነዋ! አዙሪው፤ ፊቱን ለብርሃኑ ይስጥ።»

«ምግብ አዳራሹ ውስጥ የማነሳው ሁሉ ቢጫ የሚሆነው ለምንድን ነው?»

«አምፖሎቹ ናቸው። ካሜራህን ነጭ ወረቀት አሳየውና ነጭ ማለት ይሄ ነው በለው፤ ይገባዋል።»

«የልጄ ጭንቅላት እየተቆረጠ አስቸገረኝ።»

«አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሌላ ምስጢር የለውም።»

ይሄን ሥራ ወደደችው። ሰው ያላወቀውን ነገር ደፍሮ ሲጠይቅ ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ከዚያ በፊት ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ «ለምን ይደበዝዝብኛል?» መልሱን በቃሏ ይዛዋለች። የካሜራው መዝጊያ ብርሃን ለማስገባት ለቅጽበት ይከፈታል፤ በዚያች ቅጽበት እጅ ከተነቃነቀ ፎቶው ይደበዝዛል። እጅህ ነው የተንቀጠቀጠው፤ ክንድህን ከደረትህ አስጠጋ፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ መዝጊያውን አፍጥነው። ይህንኑ ለሁሉም ትላለች። ለዶክተር ድንበሩም ይህንኑ አለቻቸው።

ዶክተር ድንበሩ የመርከቧ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። መልሱን እንደሰሙ በድምፅ አልመለሱላትም። ራሳቸው በር ላይ ቆሙ።

«ፈትለወርቅ፣ ስሜን አጠፋሽው።»

«እኔ? ምን አድርጌ ዶክተር?»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል ያልሽው ክሊኒኩ ውስጥ ጮክ ብሎ ነው የተሰማው። አፏን ከፍታ የተቀመጠች ታካሚዬ አፏን ገጥማ፣ ‹ሌላ ቀን እመጣለሁ› ብላኝ ሄደች።»

ፈትለወርቅ ሳቋ አፈትልኮ እንዳያዋርዳት ከንፈሯን ነከሰች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እኮ የማንም እጅ ትንሽ ይነቃነቃል።»

«የእኔ አይነቃነቅም!» አሉና ሁለት እጆቻቸውን ዘረጉላት። እውነትም እንደ ጠረጴዛ የረጉ ናቸው። «በእነዚህ ነው ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት። ብሳሳት ተሳስተዋል ብለሽ ንገሪኝ እንጂ በእጄ አትምጪብኝ። ነይና እዪ።»

ደክሟታል፤ እራቷንም አልበላችም። ግን የሰውዬው ፊት ላይ ያየችው ቁጣ ሳይሆን መከፋት ስለነበር ካሜራዋን አንስታ ተከተለቻቸው።

ክሊኒኩ የሚገኘው ሰዎቹ በሚኖሩባት ቀለበት ውስጥ፣ ከሕፃናቱ መዋያ ጎን ነው። ቀለበቷ በትላልቅ ምሰሶዎች ከመርከቧ ወገብ ጋር ተያይዛ ትሽከረከራለች፤ ተሳፋሪዎቹ ክብደት ኖሯቸው መራመድ የሚችሉት በእሷ መሽከርከር ነው። ፈትለወርቅ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስራ ወለሉ ላይ ተከለችው። መብራት አጠፉ። ከመድኃኒት መደርደሪያው ትንንሽ መብራቶች ፊት ለፊት አድርጋው፣ በራሱ ጊዜ እንዲያነሳ አዘዘችውና ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ማንም አልነካውም።

ፎቶው ሲታይ ነጥብ መሆን የነበረባቸው መብራቶች እንደ ሩዝ ፍሬ ረዝመዋል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ።

«ይኸው!» አሉ ዶክተር ድንበሩ በድል አድራጊነት። ከዚያ የፈትለወርቅን ፊት አዩና ድምፃቸው ወረደ። «ምንድን ነው?»

«ዶክተር፣ እጅዎ አይደለም። የቆምንበት ነው።»

ኢንጂነር ሐዊ፣ የመርከቧን አካል የምትከታተለው ወጣት ባለሙያ፣ ተጠርታ መጣች። ፎቶውን ብዙ አየችው እንጂ አልሳቀችም። «መርከቧን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ጠባቂ፣ እስካሁን ምንም አላለኝም፤ እትዬ ፈትሌ። ሌሎቹስ ጀማሪዎች ፎቷቸው ይደበዝዛል?»

«ግማሾቹ።»

«የት ሆነው ያነሱት?»

ፈትለወርቅ ይህን ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ወዲያው በመላው ቀለበት ድምፅ አስተላለፈች፤ ያማረውን ፎቶ ሳይሆን የተበላሸውን ይዛችሁ ኑ አለች። ሰዎቹ እያፈሩ መጡ። አንዱ የሚስቱን ድብዝዝ ፈገግታ ይዞ መጣ፣ አንዷ ጭራ ያበቀለ የሻማ መብራት። ሐዊ እያንዳንዱን በተነሳበት ቦታ ልክ ኮሪደሩ ላይ ለጠፈችው። ሲያልቅ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ከሩቅ የተነሱት ጥርት ያሉ ነበሩ፤ ወደ አራተኛው ምሰሶ በቀረቡ ቁጥር ጭረቱ እየረዘመ ይሄዳል። ልክ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያሉት ክሊኒኩና የሕፃናቱ መዋያ ናቸው።

ሐዊ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ጠባቂ!»

ጠባቂ የመርከቧን አየርና ሙቀት፣ መንገዷንም የሚመራ አሳቢ መሣሪያ ነው። «አቤት፤ ኢንጂነር» አለ ከጣሪያው።

«አራተኛው ምሰሶ ጋ ንዝረት አይሰማህም?»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«የልጆቹ ሩጫ መስሎኝ ነበር። ሰዎች የሚፈጥሩትን ትንንሽ እንቅስቃሴ ከመረጃው ላይ እንዳጠፋ ታዝዣለሁ። ከዓይነ መዝገባችሁም ላይ አጠፋዋለሁ፤ የምታዩት ነገር እንዲያምር።»

 አንዲት እናት ድንገት ዞራ ወደ ሕፃናቱ መዋያ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ልጆቹ ወደ ሌላኛው ጎን ከተወሰዱ በኋላ ሐዊና ባልደረቦቿ ወለሉን ከፈቱ። ምሰሶው ከቀለበቷ ጋር የሚገጥምበት ብረት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ሐዊ ከጉድጓዱ ስትወጣ ላብ አጥምቋታል። «ትንሽ ብንቆይ ኖሮ…» አለች። ዶክተር ድንበሩ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ደረቡላት።

ለመበየድ ቀለበቷ መቆም ነበረባት። ስትቆም ክብደት ጠፋ፤ ሰውም ዕቃም ተንሳፈፈ። ያን ጊዜ ፍርሃቱ እንዴት ወደ በዓል እንደተለወጠ ማንም አያውቅም። ልጆች ጣሪያ ስር ሲገለባበጡ፣ ባለትዳሮች እንደ ወጣት ተያይዘው ሲንሳፈፉ፣ ሁሉም ካሜራውን አውጥቶ ያነሳል። ዶክተር ድንበሩም ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አነሱት። ጥርት ብሎ ወጣ። ፎቶውን ይዘው እየቀዘፉ ሄደው ያቺ ያመለጠች ታካሚያቸውን አሳዩዋት። እሷም ስቃ ቀጠሮ ያዘች።

ብየዳው ተሳክቶ ቀለበቷ መሽከርከር ስትጀምር ሕይወት ወደ ቦታው ተመለሰ። ፈትለወርቅም ወደ ጠባብ ክፍሏ ተመለሰች፤ አሁን ግን «እጅህ ነው» ከማለቷ በፊት «የት ሆነህ ነው ያነሳኸው?» ማለት ለምዳለች። አንድ ቀን ከተሰበሰቡት ጥያቄዎች መካከል የማን እንደሆነ ወዲያው ያወቀችው ድምፅ መጣ።

«ጠባቂ ነኝ። ጀማሪዎች መጠየቅ ይችላሉ ስለተባለ ነው። ከእንግዲህ ንዝረት ሲሰማኝ፣ የቱ የሰው እንደሆነ፣ የቱ ስንጥቅ እንደሆነ በምን ልለይ?»

ፈትለወርቅ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። 

«እኔም አላውቅም» አለችው። «እኔም እኮ ዶክተሩን እጅዎ ነው ብያቸው ነበር። ሄጄ ሳየው ነው የገባኝ። አንተም ሄደህ እይ።»

«የምሄድበት እግር የለኝም።»

«እንግዲያው ጥራኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ጠራት። የሕፃናቱ መዋያ ወለል እየተንቀጠቀጠ ነው አላት። ፈትለወርቅ የያዘችውን ቧንቧ ጥላ እየሮጠች ሄደች። በሩን ስትከፍት ልጆቹ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ጥግ ገፍተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ባንድ ላይ ይዘላሉ። ሞግዚቷም አብራ ትዘላለች።

«ልጆቹ ናቸው» አለች እያለከለከች። «ሰላም ነው።»

«ገባኝ። እንደ ድሮው ላጥፋው?»

ፈትለወርቅ በሩን ተደግፋ የወለሉን መርገብገብ በእግሯ አዳመጠች።

«ተወው» አለችው። «ይሰማህ።»