የሳሊህ ሄልሜት

የአደጋ መርማሪዋ ቢሊሴ የተጠራችው ሳሊህ ከተቀበረ በኋላ ነው። አዳሚ ቱሉ አጠገብ የግሪሳ ወፍ መከላከያ ሲረጭ የነበረ ሄሊኮፕተር ወድቆ አብራሪው ባጫ ተረፈ፤ አጠገቡ የተቀመጠው የርጭት ባለሙያ ሳሊህ ግን አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። የሟቹ ወንድም ኡበይደላ፣ ባጫ በቸልተኝነት ገድሎታል ብሎ ከሰሰ። ፖሊስ ባጫን ከማሰሩ በፊት ነገሩን እንድታጣራለት ቢሊሴን ጠራት።

ኡበይደላ ለሄሊኮፕተሩ የርጭት ውሃ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነው፤ በአደጋው ስፍራም ከማንም ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው።

«ያለ ልክ ዝቅ ብሎ እየበረረ ነው ወንድሜን የፈጀው» አላት።

«ሞተሩ ጠፋብኝ» አለ ባጫ በበኩሉ፣ አንገቱ በድጋፍ እንደታሰረ። «ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። እኔስ ለምን ተረፍኩ?»

ቢሊሴ በሰው እንባ ቶሎ የምትረታ ሴት አይደለችም፤ ይሄ ጥያቄ ግን አንጀቷን በላው። ከራሱ ወልቆ የተገኘውን የሳሊህን ሄልሜት አገላብጣ አየችው። አልተሰነጠቀም። የአገጭ ማሰሪያው እንደተቆለፈ ነው። ነገሩ አልዋጥላት አለ።

«እርስዎ ምን አዩ?» አለቻቸው አደጋው አጠገብ የሚያርሱትን ገበሬ ኦቦ ሰንበታን።

«ከማሳዬ ሆኜ ሳይ ሳሊህ በሁለት እግሩ በሩን ይገፋል። ሮጬ ስደርስ ወንድሙ አቅፎታል። እግሩ ግን ዝም ብሏል።»

ቢሮዋ ተመልሳ የሳሊህን አካል፣ ወንበሩንና ሄልሜቱን ኮምፒውተር ላይ ሠርታ ሄሊኮፕተሩን ደጋግማ ጣለችው። በወደቀ ቁጥር የአንገቱ አጥንት ይሰነጠቃል፤ ከቦታው ግን አይወጣም።

በመጨረሻ ሁሉንም አዳማ፣ የሳሊህ እናት ወይዘሮ በድሪያ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሳሊህን የገደለው ውድቀቱ አይደለም» ብላ ጀመረች። «እግሩ ይንቀሳቀስ ስለነበር ህብለ ሰረሰሩ ደህና ነበር። ሐኪሞቹ ግን ተበጥሶ ነው ያገኙት። ስለዚህ በመሀል አንድ ነገር ሆኗል። ሄልሜቱ ማሰሪያው ሳይፈታ ወልቋል፤ በኃይል ተስቧል ማለት ነው። ያንን አሳሳብ ኮምፒውተሩ ላይ ሞከርኩት። የተሰነጠቀው አጥንት የተንሸራተተው ያኔ ነው።»

ባጫ የሚታሰር ባይሆን ኖሮ የቀረውን ውጣ በቀረች።

«ኡበይደላ፣ ያወለቅከው አንተ ነህ?»

ኡበይደላ እጆቹን አየ። «የሚሞት መሰለኝ» አለ። «ጆሮው ተሸፍኗል። ሳይሞት ሸሃዳውን፣ የእምነት ቃሉን፣ ላስብለው ፈልጌ... እንዲሰማኝ ብዬ ነው።»

ኡበይደላ ወደ አብራሪው ዞረ። «ባጫ፣ አፉ በለኝ።» ባጫ እያለቀሰ እጁን ዘረጋለት።

«ሳሊህ ሰማህ ወይ?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ በድሪያ።

«ሰማኝ፣ እማዬ።»

«ሸሃዳውን አለው?»

«ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጨርሶታል።»

«እንግዲያው ና» አሉት። አጠገባቸው ሲንበረከክ፣ በአንድ እጃቸው አንገቱን ደግፈው፣ ራሱን ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ አስተኙት።