ስድሳ ሳምቡሳ

እስከዚያ እሑድ ድረስ የዮሐና እናት ሳምቡሳ ተርፎ አያውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ስድሳ የምስር ሳምቡሳ በትሪ ተደርድሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ ይወርዳል፤ ትሪው ባዶውን ኒው ሆፕ ወዳለው ቤታቸው ይመለሳል። እስከዚያ እሑድ ድረስ፣ አክስቷ ዶክተር ስመኝ በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ የምታጠናው የጉንፋን ቫይረስ ነው ተብሎም ይታመን ነበር። ይህን ያስወራችው የዮሐና እናት ናት። ስለዚህ ብርዱ በገባ ቁጥር የደብሩ እናቶች ለስመኝ እየደወሉ ስለ ልጆቻቸው ሳል ይጠይቋታል፤ እሷም በትዕግሥት «ሐኪም አሳዩት» ትላለች።

«ዛሬም እንደዚያው ነው የምትይው» አለቻት እናቷ ዮሐናን፣ መኪናውን ፓርክ እያደረገች። የደብሩ ወጣቶች በየወሩ አንድ ባለሙያ ይጋብዛሉ። የዛሬዋ እንግዳ ስመኝ ናት፤ አስተዋዋቂዋ ደግሞ ዮሐና።

«ማሚ፣ ጉንፋን አይደለም እኮ። ኤችአይቪ ነው። ሲሪየስሊ፣ ምን ያሳፍራል?»

«አያሳፍርም። ግን የእህቴ እጅ ምን ሲነካ እንደሚውል ካወቁ ከእኔ እጅ የሚበላ የለም። አንቺ ሰዉን አታውቂውም።»

ስመኝ ከኋላ ወንበር ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። «እኔ ለእናትሽ ቃል ገብቻለሁ» አለች። «በደብሯ ይህን ነገር አላነሣም። አንቺ ግን ቃል አልገባሽም።»

አዳራሹ ውስጥ ዮሐና ማይኩን ያዘች። «አክስቴ ቫይሮሎጂስት ናት። ቫይረስ ታጠናለች» ብላ ልትቀመጥ ስትል ደረሰ የሚባለው ልጅ እጁን አወጣ። ደረሰ ሳይተርብ የዋለበት ቀን የለም።

«ዶክተር፣ እኔን ጉንፋን የሚይዘኝ የሒሳብ ፈተና ቀን ብቻ ነው። ይኼ አይጠናም?»

አዳራሹ ሳቀ። ስመኝም ሳቀች፤ ግን አልመለሰችም። ዮሐናን ታያለች። እናቷ ከኋላ፣ ትሪው አጠገብ ሶፍት እየደረደረች ነው። ዮሐና ዝም ብትል ይበቃ ነበር፤ ሳቁ ራሱ መልስ ሆኖ ያልፍ ነበር።

«ጉንፋን አይደለም» አለች። «የምታጠናው ኤችአይቪን ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ።»

የእናቷ እጅ ሶፍቱ ላይ ቆመ። ስመኝ ተነሥታ ማይኩን ተቀበለቻት። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ እንደሚያደርገው፣ ጥቂቱ ግን ሴሎች ውስጥ ተደብቆ እንደሚተኛ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደሚነቃ አስረዳች። «እኔ የምፈልገው የተኛውን ነው።»

«አገኙት?» አለ ደረሰ። አሁን አይቀልድም።

«መደበቂያውን በከፊል። ማጥፋቱ ገና ነው። ሁለት መንገድ ሞክሬ ሁለቱም አልሠሩም፤ ሦስተኛው ላይ ነኝ።»

«አብሮ በመብላትስ ይተላለፋል?» አለች አንዲት ልጅ ቀስ ብላ።

«አይተላለፍም።»

የዚያን ቀን ትሪው ላይ አሥራ ዘጠኝ ሳምቡሳ ተረፈ።

«ጨው አብዝቼበት ይሆናል» አለች እናቷ ሲመለሱ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

ስመኝ አንዱን አንሥታ ጨርሳ በላች። «አልበዛበትም። ደግሞ አንዴ በታየ ነገር አይደመደምም። ይደገማል። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

«እኔን ደግሞ የላብራቶሪ አይጥ አደረግሽኝ?» አለች እናቷ። ዮሐና ግን ከድምፅዋ እንዳልተቆጣች ዐወቀች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቷ ሊጥ ስትዳምጥ ዮሐና መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ስንት ልንሠራ ነው?»

«አርባ ይበቃል መሰለኝ።»

«ስድሳ ይሁን» አለች ዮሐና። «ነገ ትሪው ጋ የምቆመው እኔ ነኝ። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

እናቷ ለአፍታ አየቻትና ዱቄቱን ጨመረች። «እንግዲያው ሽንኩርቱን ክተፊ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትሪው ላይ የቀረው ስድስት ነበር።