ፎርማት የተደረገው ላፕቶፕ

የመምህር ጎበናን አስከሬን ቅዳሜ ጠዋት ያገኙት እንጦጦ ላይ ቅጠል የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ከእግር መንገዱ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ ባሕር ዛፍ መካከል ወድቀው ነበር። የካ ያለው ቤታቸው ሲፈተሽ ላፕቶፓቸው ጠረጴዛው ላይ ተገኘ፤ ውስጡ ግን ባዶ። የዓመታት ጽሑፋቸው፣ ፎቶው፣ የሟች ሚስታቸው የሲፋን የተቀዳ ድምፅ ሳይቀር የለም። እንግዲህ ሰዉ «ሁሉን ጠራርጎ ራሱን ወረወረ» አለ። ወሬ መቼ ይቸግረናል!

ወሬው ያቆሰለው አንዲት ልጃቸውን ኢፍቱን ነው። ቀብሩ ሰኞ ነው፤ የደብሩ ቄስ ግን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ተናግረዋል።

«ፍትሐቱስ ይቅር» አለቻት እሑድ ጠዋት ለመርማሪዋ ለኢንስፔክተር ዘሙሩድ። «አባዬ እኔን ጥሎኝ ነው የሄደው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ዘሙሩድ አባብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ላፕቶፑን ከፈተች።

«ይህን ማን ነካው?»

«ማንም» አሉ የሟች ታናሽ ወንድም አቶ ነገሳ። እዚያው ግቢ ነው የሚኖሩት፤ በአጥር ጉዳይ ከወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። «እኔ እንኳን ኮምፒውተር፣ ስልክም በቅጡ አልነካ። ራሱ ነው ያጠፋው።»

«ሲገዛ አዲስ ነበር?»

«አዎ፣ ከነዊንዶውሱ» አለች ኢፍቱ። «አባዬ ክራክ የሚባል፣ ያለ ፈቃድ የሚከፈት ፕሮግራም አይወድም። ‹ተማሪ ኩረጃ ስከለክል ኖሬ እኔ ልኮርጅ?› ይላል።»

«ሲበላሽስ ማን ያይላቸዋል?»

ኢፍቱ ግቢው ውስጥ ወደተተከለው የለቅሶ ድንኳን ጠቆመች። ወንበር የሚደረድረው ገረሱ ነው፤ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ ኮተቤ መንገድ ዳር ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ለእሷ እንደ ወንድም። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ላፕቶፑን ካየሁት ወር አለፈኝ፣ ኢንስፔክተር። መምህር እኮ አባቴ ነበሩ።»

ዘሙሩድ የራሷን አሮጌ ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አወጣች። «ሥራ ላይ ቀርፋፋ ሆኖ አስቸገረኝ። እንደው ብታይልኝ?»

ገረሱ ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቃትም። «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን» አለና ከቁልፉ ጋር የሚያንጠለጥላትን ፍላሽ ሰካ። በለቅሶ ቤት! ምን ያድርግ፣ እጁ ለምዷል። እኛ ዘንድ ቢቀረፍፍም ፎርማት ነው፣ ቢያንቀላፋም ፎርማት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘሙሩድ ኢፍቱን፣ አቶ ነገሳንና ገረሱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«መምህሩ የገዙት ዊንዶውስ ሆም የሚባለው ነው፤ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር የመጣ። እሱኑ መልሶ ለጫነ ሰው ኢንተርኔት ሲያገኝ ፈቃዱን አውቆ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። አርብ ዕለት የተጫነው ግን ሌላው ዓይነት፣ ፕሮ የሚባለው ነው። ፈቃዱ ስላልገጠመ በክራክ ተከፈተ። መምህሩ ይህን ያደርጋሉ?»

«ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን የማያደርገው አለ?» አለ ገረሱ በቀስታ።

«ሊሞት የቆረጠ ሰው አጥፍቶ ይሄዳል። አክቲቬት ማድረግ ምን ይሠራለታል? የአማርኛ ኪቦርድ መጫንስ? ይህን ያዘጋጀው ሰው መምህሩ በማግስቱ ቁጭ ብለው እንዲጽፉበት አስቦ ነው።»

ኢፍቱ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«አቶ ነገሳ ይህን አይችሉም። ኢፍቱ አርብ ቀኑን ሙሉ ኮተቤ ተማሪዎቿን ስትፈትን ነበር። ገረሱ፣ ጠዋት የኔ ላይ የጫንከውን አየሁት፤ ያው ፕሮ፣ ያው ክራክ፣ የፋይሉ ስምና ቀን ሳይቀር አንድ። ሁለቱም ከዚያች ፍላሽ ነው የወጡት። ታዲያ ወር አላየሁትም ያልከኝ ለምንድን ነው?»

ገረሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«አርብ ጠዋት ቀረፈፈብኝ ብለው አመጡልኝ። እንደ ልማዴ ሳልጠይቅ ፎርማት አደረግኩት። ከሰዓት ወስደውት ሄዱ። በኋላ ልጠይቃቸው ቤት ስመጣ አጣኋቸው፤ እንደ ልማዳቸው በእግር ወጥተው እንጦጦ ዳገቱ ላይ አገኘኋቸው። ‹የሲፋን ድምፅ የታለ?› አሉኝ። ጠፍቷል አልኳቸው። ኮሌታዬን አንቀው ‹መልስልኝ› እያሉ አለቀሱ። ደነገጥኩ፤ ገፋኋቸው። ትንሽ ቢታገሱኝ እኮ ከዲስኩ ላይ የተወሰነውን ማስመለስ ይቻል ነበር። እሱን ሳልነግራቸው ገደሉ ውስጥ ወደቁ። ሰዉ ራሱን አጠፋ ሲል ደግሞ ዝም አልኩ።»

«ዝም አልክ» አለች ኢፍቱ። «አጠገቤ ተቀምጠህ ‹አይዞሽ› እያልከኝ ዝም አልክ።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገረሱን ደግፈው አስነሡት።

ከወጡ በኋላ ኢፍቱ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ ለቄሱ ይንገሯቸው። አባዬ ጥሎኝ አልሄደም።»

«እሺ ልጄ፣ አሁኑኑ» አሉ አቶ ነገሳ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ከትናንት ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ ያልወጣት ልጅ «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ ዘሙሩድም ሥራዋን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።